ፖንጋልን በሥርዓቱ ማክበር፦ የታሚሎች የመኸር በዓል አራት ቀናት

ፖንጋል በደቡብ ሕንድ የታሚል ናዱ ግዛትና በስሪላንካ ሰሜንና ምሥራቅ የሚኖሩ ታሚሎች አዲሱ ሩዝ ወደ ቤት ሲገባ የሚያከብሩት የአራት ቀን በዓል ነው። ታሚል በሄደበት ሁሉ በዓሉም አብሮ ሄዷል። በማሌዥያ፣ በሲንጋፖር፣ በሞሪሸስ፣ በደቡብ አፍሪካ ይከበራል፤ የካናዳ ፓርላማም በፈረንጆቹ 2016 ባሳለፈው ውሳኔ የጃንዋሪ ወር በየዓመቱ የታሚል ቅርስ ወር እንዲሆን ወስኗል።

ይህ መመሪያ በዱባይ፣ በቶሮንቶ ወይም በለንደን ከታሚሎች ጋር ለሚሠራና ለበዓሉ ለተጠራ፣ ከታሚል ቤተሰብ ጋር በጋብቻ ለተዛመደ፣ ወይም በዓሉን በራሱ ጓዳ ሞክሮ ሊያውቀው ለሚፈልግ ሰው ነው። ስለ ፖንጋል ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ጣፋጩ ሩዝ ብቻ ነው። እኔ ግን ከምግቡ በፊት መያዝ ያለበት የምስጋናው ተራ ነው እላለሁ። መጀመሪያ አሮጌው ከቤት ይወጣል። ቀጥሎ ፀሐይ ትመሰገናለች። ከዚያ በሬና ላም። ዘመድ ወዳጅ የሚጠየቀው በመጨረሻው ቀን ነው። ማሳውን ያረሰው በሬ ከሰው ቀድሞ ቀን ተቆርጦለታል፤ በዓሉን የሚያከብር ሁሉ ይህን ተራ ማዛባት የለበትም።

ቀኑ መቼ ነው? ለምንስ ያን ጊዜ?

ዋናው ቀን ታይ የሚባለው የታሚል ወር የሚገባበት ዕለት ነው። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 ወይም 15፣ በእኛ ጥር 6 ወይም 7 ይሆናል፤ በገናና በጥምቀት መካከል ማለት ነው። የታሚሎች አቆጣጠር የፀሐይ ነው፤ ወሩ የሚገባው ፀሐይ ወደ ጀዲ ኮከብ ስትገባ ስለሆነ ቀኑ ከዓመት ዓመት ብዙም አይዋዥቅም።

ወቅቱን የወሰነው ግን ዝናቡ ነው። አብዛኛው ሕንድ ዝናቡን የሚያገኘው ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ነው። ታሚል ናዱ ከዓመት ዝናቧ ግማሽ ያህሉን የምታገኘው ዘግይታ፣ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ከሰሜን ምሥራቅ በሚመጣው ነፋስ ነው። በካቬሪ ወንዝ ደለል ላይ፣ በታንጃቩርና በአካባቢዋ፣ ሳምባ የሚባለው ዋናው የሩዝ ሰብል በኦገስት ገደማ ይዘራል፤ ይህን ዝናብ ጠጥቶም በጃንዋሪ ለአጨዳ ይደርሳል። ከታይ በፊት ያለው ማርጋዢ የተባለው ወር የጸሎት ወር ነው፤ ሠርግ አይደገስበትም። “ታይ ሲወለድ መንገድ ይወለዳል” ይላሉ ታሚሎች። እህል ገብቷል፣ ብድር ይመለሳል፣ የልጅ ሠርግ ይቆረጣል፤ አባባሉ ከገበሬው ኪስና ጎተራ የወጣ ነው።

አስቀድሞ የሚገዛና የሚዘጋጅ

ከሳምንት በፊት ይጀምሩ። አዲስ የሸክላ ድስት ካገኙ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያሳድሩትና በማግስቱ የሩዝ እጣቢ በቀስታ አፍልተው ያሟሹት። ሳይሟሽ እሳት ላይ የወጣ ሸክላ በበዓሉ ጠዋት ይሰነጠቃል። ሸክላ ከሌለ ናስ ወይም ተራ ብረት ድስት ይበቃል፤ በከተማ የሚኖሩ ብዙ ታሚሎችም የሚያበስሉት በዚያ ነው።

ሩዙ አዲስ፣ ከመፈተጉ በፊት ያልተቀቀለና ፍሬው አጠር ያለ ይሁን። ባስማቲ ፍሬ በፍሬ ተለያይቶ ስለሚቀር አይሆንም፤ የሚፈለገው የሚላላና የሚያያዝ ሩዝ ነው። ከሩዙ ጋር የሚገባው የተከካና የተፈተገ ማሾ ነው። ማጣፈጫው ጃገሪ ነው፤ የሸንኮራ ጭማቂ ሳይጣራ ተፈልቶና ረግቶ የሚሠራ ቡናማ ስኳር ሲሆን በሕንድ ሱቆች በድቡልቡል ወይም በጡብ መልክ ይሸጣል። ቅቤው ምንም ቅመም ሳይገባበት የተነጠረ ይሁን። ኮሰረትና በሶብላ የገባበት የእኛ ንጥር ቅቤ ጣፋጩን ሩዝ ወደ ሌላ ምግብ ስለሚለውጠው ለዚህ ቀን ለብቻው ያንጥሩ።

ከምግቡ ውጪ ሁለት ረጃጅም ሸንኮራ አገዳ ከነቅጠሉ፣ ሥሩና ቅጠሉ ያልተቆረጠ እርድ፣ የሙዝ ቅጠል፣ ኮኮናት፣ ሙዝና አበባ ያስፈልጋል። የታሚል ናዱ መንግሥት በቅርብ ዓመታት ለራሽን ካርድ ባለቤቶች ባደለው የፖንጋል ስጦታ ውስጥ 1 ኪሎ ሩዝ፣ 1 ኪሎ ስኳርና አንድ ሙሉ ሸንኮራ አገዳ ነበረበት። ለድሃ ቤት እንኳ የማይቀረው የትኛው እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ቦጊ

ቦጊ የማርጋዢ የመጨረሻ ቀን ነው። ቤት ይጠረጋል፣ ግድግዳ ኖራ ይቀባል፣ ያለቀ ሰሌን፣ የተበጣጠሰ ቅርጫትና አሮጌ መጥረጊያ ተሰብስቦ ጎሕ ሳይቀድ ደጅ ላይ ይቃጠላል። ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ትንንሽ ከበሮ ይመታሉ። በምዕራብ ታሚል ናዱ የኒም ቅጠል ከአቫራም ቢጫ አበባና ከሲሩፒላይ ነጭ አበባ ጋር በአንድ ታስሮ በጣሪያው ክፈፍ ይሰካል፤ ቤቱንና እህሉን ይጠብቃል ተብሎ ይታመናል።

እሳቱን በተመለከተ ጥብቅ ምክር አለኝ። ድሮ የሚቃጠለው ሣርና ቅጠል ነበር፤ ዛሬ ጎማና ፕላስቲክ ሲጨመርበት የቼናይ ከተማ በጭስ ትታፈናለች፣ አውሮፕላኖች እስከመዘግየት የደረሱበትም ዓመት አለ። የግዛቱ የብክለት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ሕዝቡ እንዲቆጠብ ያሳስባል። በአፓርታማ የሚኖር ሰው ምንም ባያቃጥል አንድም ነገር አይጎድልበትም። የማይለብሱትን ልብስ ለሚለብሰው ይስጡ፣ የተሰበረውን ያውጡ፣ ጓዳውን እስከ ጥጉ ያጽዱ። የቦጊ ሥራ ያው ነው።

በዚያው ምሽት የነገው ድስት ይታጠብና አንገቱ ላይ እርዱ ከነቅጠሉ ይታሰራል። በውሃ የተለወሰ የሰንደል እንጨት ዱቄትና ኩምኩም የሚባለው ቀይ ዱቄት በጣት ነጠብጣብ ተደርጎ በሆዱ ላይ ይቀባል።

ሁለተኛው ቀን፦ ታይ ፖንጋል

ይህ የፀሐይ ቀን ነው፤ የበዓሉም ልብ እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ ከንጋት በፊት ተነስቶ ይታጠባል፣ አዲስ ልብስ ይለብሳል። ድስቱ የሚጣድበትን መልካም ሰዓት ብዙዎች ከዘመን መቁጠሪያ መጽሐፍ ያያሉ፤ ጥሪ ከደረሰዎት ሰዓቱን ጠይቀው በዚያው ይድረሱ፤ የዘገየ እንግዳ ዋናዋ ቅጽበት ታመልጠዋለች።

ከእሳቱ በፊት ኮላም ይሣላል። ኮላም በደጃፍ መሬት ላይ በሩዝ ዱቄት የሚወጣ ንድፍ ነው፤ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ሥራ ነው። መሬቱ ተጠርጎ ውሃ ይረጭበታል፤ በገጠር በእበት ይለቀለቃል። ዱቄቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ይያዙና በቀጭኑ እንዲፈስ ጣትዎን ያሻሹ። ለጀማሪ አራት በአራት ሆነው የተደረደሩ 16 ነጥቦች ይበቃሉ፤ በመካከላቸው ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉ። ከዚያ መስመሩን በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ እያጠማዘዙ ወደ ተነሱበት ይመልሱት፤ ነጥቦቹ ሁሉ ተከበው መስመሩ ከገጠመ ኮላሙ አልቋል። ለትልቅ በዓል ግን ደረቁ ዱቄት አይበቃም የሚሉ እናቶች አሉ። ሩዝ ዘፍዝፈው ይፈጩና በውሃ ያቀጥኑታል፤ በሊጡ የተነከረ ቁራጭ ጨርቅ በመዳፋቸው ይዘው ሲጨምቁት ነጩ ሊጥ በቀለበት ጣታቸው ጫፍ ላይ እየወረደ መሬቱ ላይ መስመር ያወጣል። ሲደርቅ ቀናት ይቆያል። ዳሩ በቀይ አፈር ይከበባል። በዚህ ዕለት የሚወደደው ሥዕል ፀሐይ፣ የሚገነፍል ድስትና ሁለት ሸንኮራ አገዳ ነው። በሩዝ የሚሣለው ጉንዳንና ወፍ እንዲበሉት ነውና በቀለም ዱቄት ወይም በጠመኔ ከመተካትዎ በፊት ይህን ያስቡበት፤ ከአዲሱ ሩዝ አስቀድሞ የሚቀምሱት እነሱ ናቸው።

በገጠርና በሰሜን ስሪላንካዋ ጃፍና ግቢዎች ድስቱ የሚጣደው ደጅ ላይ፣ ፀሐይ በምትወጣበት አቅጣጫ፣ በሦስት ጉልቻና በእንጨት እሳት ነው። ሁለቱ ሸንኮራ አገዳዎች ከላይ ተገጣጥመው እንደ ዳስ ይቆማሉ።

ለ5 ወይም ለ6 ሰው የሚሆነው መጠን ይህ ነው፦ 1 ኩባያ ሩዝ፣ ሩብ ኩባያ የተከካ ማሾ፣ 250 ግራም ያህል ጃገሪ፣ 2 ኩባያ ወተት፣ 3 ኩባያ ውሃ፣ ከ5 እስከ 6 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ አንድ እፍኝ ካሹ፣ ግማሽ እፍኝ ዘቢብና 4 ፍሬ ሄል። ሄል ከጠፋ ኮረሪማ በጣም በትንሹ ይሆናል።

1. ማሾውን ያለ ዘይት በዝግታ እሳት ያምሱት። ሽታው ሲያውድ ያውጡት፤ እስኪቀላ አይጠብቁ። ሩዙን ሁለቴ ይጠቡ፤ የሁለተኛውን እጣቢ አይድፉት፣ ከ3 ኩባያው ውሃ ውስጥ ተቆጥሮ ይገባል።

2. ወተቱን፣ እጣቢውንና ቀሪውን ውሃ ድስቱ ውስጥ አድርገው ይጣዱ። ወተቱ ከማቀዝቀዣ በቀጥታ አይምጣ፤ ቅዝቃዜው የጋለ ሸክላ ይሰነጥቃል። ድስቱ ለመጠኑ የተመጠነ ይሁን፣ ፈሳሹም ወደ አንገቱ ይጠጋ። በሰፊ ድስት ውስጥ ያለ ወተት ተነስቶ መልሶ ይወርዳል እንጂ አይገነፍልም።

3. አሁን እሳቱን አይቀንሱ፣ አያማስሉ፣ አይክደኑ። አረፋው ተነስቶ በድስቱ ከንፈር ሲፈስ በዙሪያው የቆመው ሁሉ “ፖንጋሎ ፖንጋል!” ብሎ ይጮኻል። በደቡብ ታሚል ናዱ ሴቶቹ በምላሳቸው ኩላቫይ ያሰማሉ፤ ልክ እንደ እኛ እልልታ ነው፣ ሐበሻ እንግዳ ያለ ማንም አስተማሪ የሚሳተፍበት ቦታ ይህ ነው። የበዓሉ ስምም ከዚህ መገንፈል የመጣ ነው። በቀሪው የዓመቱ ቀን ብክነት የሚባለው ነገር በዚህ ጠዋት የዓመቱ በረከት ምልክት ይሆናል፤ በምሥራቅ በኩል ከፈሰሰ ደግሞ ይበልጥ ይወደዳል። ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ወተቱ ገነፈለ?” ብሎ ነው።

4. ከፈሳሹ አንድ ኩባያ ቀንሰው ለብቻ ያስቀምጡ። የቤቱ ታላቅ ሦስት ጭብጥ ሩዝ ይጨምራል፣ ሌላው ይከተላል፣ ማሾውም ይገባል። እሳቱን ዝቅ አድርገው እያማሰሉ ያብስሉ፤ ሲደርቅ ያስቀመጡትን ይመልሱበት።

5. ጃገሪውን በግማሽ ኩባያ ውሃ አሟሙተው ያጥልሉት፤ ብዙ ጊዜ አሸዋና የአገዳ ስንጥር አይጠፋውም። ወደ ድስቱ የሚገባው ሩዙ በጣት ሲጫኑት ሙሉ በሙሉ የሚፈርስ ሲሆን ብቻ ነው። ቀድሞ ከገባ ሩዙ ከዚያ በኋላ አይበስልም፤ ገና በሚንተከተክ ወተት ላይ ከፈሰሰም ወተቱን ሊቆርጠው ይችላል።

6. ካሹውን በቅቤ ወርቅማ እስኪሆን ይጥበሱ፤ ዘቢቡን ጨምረው ሲነፋ ከነቅቤው ድስቱ ላይ ይገልብጡ። የተወቀጠውን ሄል ነስንሰው ያውጡ።

በቤት ውስጥ ጋዝ ላይ የሚያበስል ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። የገነፈለው ወተት ነበልባሉን ሊያጠፋውና ጋዙ ዝም ብሎ ሊፈስ ይችላል። መስኮት ይከፈት፣ ከድስቱ ሥር ትሪ ይኑር፣ አንድ ሰው ከማጥፊያው ዘንድ አይለይ። እልልታው ካበቃ በኋላ ምድጃው ተጠርጎ እንደገና ይለኮሳል።

ሰካራይ ፖንጋል የሚባለው ይህ ጣፋጭ በሙዝ ቅጠል ላይ፣ ከኮኮናት፣ ከሙዝና ከእርድ ጋር ሆኖ መጀመሪያ ለፀሐይ ይቀርባል፤ ካምፎር የተባለው መዓዛማ ማጤሻ ይለኮሳል። ብዙ ቤት ከጎኑ ጨዋማውን ቬን ፖንጋል ይሠራል፤ ያው ሩዝና ማሾ ሆኖ በስኳር ፈንታ ቁንዶ በርበሬ፣ ከሙን፣ ዝንጅብልና ቅቤ ይገባበታል። የወጡ አትክልት ከአዲሱ ምርት ነው፦ ዱባ፣ ስኳር ድንች፣ ባቄላ፣ የሥራ ሥር ዓይነት። ቁጥራቸው ጎዶሎ እንዲሆን፣ ሰባት ወይም ዘጠኝ፣ የሚጠነቀቁ አሉ። ሲበሉ የሙዙ ቅጠል ቀጭን ጫፍ በተመጋቢው ግራ ይሁን፤ የሚበላውም በቀኝ እጅ ነው።

ስለ እምነት ጥያቄ ያለው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ለሂንዱ ቤተሰብ ይህ ለሱርያ፣ ለፀሐይ አምላክ፣ የሚቀርብ መሥዋዕት ነው፤ እንዲህ ነው ብሎ ማወቁ ለአክባሪውም ለእንግዳውም ክብር ነው። በጸሎቱ ሰዓት ጫማ አውልቆ በዝምታ ፈንጠር ብሎ መቆም ማንንም አያስቀይምም። በታሚል ናዱ አብያተ ክርስቲያናትም ፖንጋል ይበስላል፤ ሳማቱቫ ፖንጋል የሚባለው ደግሞ የተለያየ ሃይማኖት ተከታዮች በአንድ ግቢ የሚያከብሩት የእኩልነት ፖንጋል ነው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ጿሚ እንግዳ ወተትና ቅቤ እንደማይበላ አስቀድሞ ይናገር። ራሱ የሚያበስል ከሆነ በኮኮናት ወተትና በዘይት ይሠራል፤ የኮኮናት ወተት አረፋው አነስተኛ ስለሆነ የሩዝ እጣቢውን ያብዙበት።

ሦስተኛው ቀን፦ ማቱ ፖንጋል

የከብቶች ቀን ነው። ስለ አመጣጡ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። የሂንዱው አምላክ ሺቫ በሬውን ባሳቫን ወደ ምድር ልኮ፣ ሰዎች በየቀኑ በዘይት እንዲታሹና እንዲታጠቡ፣ በወር አንድ ጊዜ እንዲበሉ ይንገራቸው አለ። ባሳቫ ግን ገልብጦ፣ በየቀኑ ብሉ፣ በወር አንዴ ታጠቡ አለ። ሺቫም ይህን ሁሉ ምግብ ማን ያመርተዋል ብሎ ባሳቫን ምድር ላይ አስቀረው፤ ከሰው ጋር ቀንበር እየጎተተ እንዲኖር። በዚህ ተረት ውስጥ በሬው የሚደክመው ለሰው ጉርሻ ነውና የሚታጠበውና የሚጎርሰው በራሱ ቀን ነው።

ከብት ያለው በማለዳ ወደ ወንዝ ወይም ኩሬ ይነዳል። ያጥባል፣ ቀንዱን ያጸዳና ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይቀባዋል። የአንገትና የአፍንጫ ገመዱ በአዲስ ይቀየራል፤ ቃጭልና የአበባ ጉንጉን ይንጠለጠልበታል፣ ግንባሩ ኩምኩም ይቀባል። ከዚያ የበሰለው ፖንጋል ከሙዝና ከሸንኮራ ጋር በእጅ ይጎርሳል። በዕለቱ በሬ አይጠመድም። ከብት የሌለው የከተማ ሰው በመቅደስ ወይም በሰፈር ላለች ላም ሙዝና ሣር ይወስዳል፤ በሲንጋፖር ሊትል ኢንዲያ ልጆች እንዲያዩአቸው ላሞች ወደ ሰፈሩ ይመጣሉ። ይህን ቀን ከብት የለንም ብለው የሚያልፉ ቤተሰቦች በዓሉን ግማሽ ያደርጉታል ባይ ነኝ። ቢያንስ ደጃፍ ላይ የላም ኮላም ይሣል፣ ልጆችም ያ ወተት ከየት እንደመጣ ይነገራቸው።

በአንዳንድ ቤቶች ሴቶችና ልጃገረዶች በዚህ ጠዋት በእርድ ቅጠል ላይ ነጭ፣ ቢጫና ቀይ የሩዝ ድቡልቡሎችን ለቁራና ለሌሎች ወፎች ይደረድራሉ፤ ጸሎቱ ለወንድሞቻቸው ደኅንነት ነው።

በማዱራይ አካባቢ ጃሊካቱ የሚካሄደውም በእነዚህ ቀናት ነው፦ በአቫኒያፑራም፣ በፓላሜዱና በአላንጋናሉር። ኮርማው ከጠባብ በር ሲለቀቅ ወጣቱ ሻኛው ላይ ተጠምጥሞ ለመቆየት ይታገላል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2014 ከለከለው፤ በጃንዋሪ 2017 በቼናይ ማሪና የባሕር ዳርቻ እጅግ ብዙ ወጣት ለቀናት ከተቃወመ በኋላ ግዛቱ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ፤ ፍርድ ቤቱም በ2023 ሕጉን አጸናው። ደጋፊዎቹ የአገር በቀል ኮርማ ዘር የተረፈው በዚህ ነው ይላሉ። ሰው የሚሞትበት ጨዋታ መሆኑም እውነት ነው። ለማየት የሚሄድ እንግዳ ከመቀመጫው አይውረድ፤ ከአጥሩ ውስጥ የመግባት ግብዣ ቢቀርብለትም እምቢ ይበል።

አራተኛው ቀን፦ ካኑም ፖንጋል

ሥራው ቀላል ነው፤ መጠያየቅ። ታናናሾች ታላላቆችን እግር ነክተው ምርቃት ይቀበላሉ፣ ታላላቆችም ለልጆች ትንሽ ገንዘብ ያሲዛሉ። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ፍራፍሬ ወይም ጣፋጭ ይበቃል። ሰላምታው “ኢኒያ ፖንጋል ናልቫልቱካል” ነው፤ ተሰባብሮ ቢወጣም በደስታ ይቀበሉታል። ሴት እንግዳ ስትወጣ እርድና ኩምኩም ቢቀርብላት ጨዋነት ነው፤ ካልፈለገች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታመስግን።

ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ በሙሉ ወደ ወንዝ ወይም ባሕር ይወጣል። ማሪና በዚህ ቀን እጅግ ስለምትጨናነቅ የቼናይ ፖሊስ የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ማሰሪያ በልጆች እጅ ላይ ያስራል፤ ልጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ሳያሳስር ወደ ሕዝቡ አይግባ። የሚቋጠረው ምግብ ሳይሞቅ የሚበላ ዓይነት ነው፦ የሎሚ ሩዝ፣ የታማሪንድ ሩዝ፣ የእርጎ ሩዝ። ከቦጊ ማግስት የቆመው ሸንኮራ አገዳም ተቆራርጦ አብሮ ይሄዳል፤ አሸዋው ላይ ተቀምጠው በጥርስ እየላጡ ያኝኩታል።